አቶ ጀቤሳ አልሞቱም

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው የአጎቴ ልጅ ለጸጋ፣

የጌታ ሰላም ከደጅሽ አይራቅ፤ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይሁንልሽ። እኛ ስሙ ይባረክ፣ ያንቺ ናፍቆት ካልሆነ በቀር የጎደለብን የለም። ያለምወርቅ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል። «ለጸጋ ጻፍላት፣ በዚያ ብርድ ካልሲ ደርባ ታድርግ» ብላኛለች። አርባ ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ ለባለቤቴ ግን አሁንም ልጅ ነሽ።

ለቴክኖሎጂ ክበባችን የላክሽልን፣ ሲያጠልቋቸው ሌላ ዓለም የሚያሳዩት መነጽሮች ደረሱ! ጉምሩክ ሁለት ወር ከርመው አራቱም ሳይሰበሩ ገቡ። ካርቶኑ ሲከፈት ርዕሰ መምህራችን አቶ ሸኩር «ቢስሚላህ» ብለው መጀመሪያ እሳቸው አጠለቁት። ከዚያ ባዶ ክፍል ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳ ሲፈልጉ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እንደመከርሽኝ ግን በመደነቅ አልጀመርንም። «የምታዩትን ማን ሠራው? እንዴት አወቀ? ማንን ልጠይቅ?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ሰሌዳው ላይ ጽፌ ነው መነጽሩን ያደልኩት።

መጀመሪያ ያየነው የቡና ጫካ የሚያሳየውን ነው። ሁሉም «ዋው» ሲል አንዲት ልጅ መነጽሩን አውልቃ «ቲቸር፣ ያምራል፤ ግን የሠራው ሰው ቡና ለቅሞ አያውቅም» አለች። እንዴት አወቅሽ ብላት፣ «አበባውና ቀዩ ፍሬ ባንድ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። አበባው የካቲት፣ ለቀማው አሁን። ለቃሚዋም ቅርንጫፉን እንደዚያ ብትሰብር አባቴ ያባርራት ነበር» አለችኝ። ይቺ ልጅ ኢፍቱ ትባላለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ከአጋሮ ወዲያ ካለ መንደር መጥታ እዚህ ጅማ ጊንጆ ሰፈር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ አቶ ጀቤሳ ስንቋን ሚኒባስ ላይ ይጭኑላታል።

ደግሞ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ ኤአዩን፣ ሰው ሠራሹን አስተውሎት፣ ስለ ወላጆቻችሁ ሥራ ጠይቁት፣ መልሱን ቤት ወስዳችሁ አሳርሙ አልኳቸው። ኢፍቱን ቀይ ቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ በሳምንት ይደርቃል ብሏት ኖሮ፣ አቶ ጀቤሳ «ይሄ ሰውዬ አጋሮ ዝናብ ሲጥል አላየም! ሦስት ሳምንትም አይበቃኝ» ብለው አርመው፣ ከታች በጣታቸው ፈርመው ላኩልኝ። ወረቀቱን ክፍል ውስጥ ለጥፌዋለሁ።

እንግዲህ ድርጅታችሁ ላወጣው የትምህርት ዕድል ኢፍቱ ልትወዳደር ነው። ድርሰቷንም ስለዚሁ፣ አባቷ ማሽኑን እንዴት እንዳረሙት ልትጽፍ ነው። አድልዪ አልልሽም። ግን ይሄ ካለፋት አባቷ ሌላ የሚያስተምሩበት አቅም የላቸውም፤ መንደሯ ውስጥ ደላላ ቤት ለቤት እየዞረ ሴት ልጆችን ወደ ዐረብ አገር እየጫነ ነው። ዐይንሽን ጣል አድርጊባት።

ወንድምሽ እንድርያስ

———

በርገን
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለወንድም ጋሼ፣

ጌታ ጤናዎን ይጠብቅልኝ፤ እትዬ ያለምወርቅንም ከነጉልበቷ ይማርልኝ። ካልሲ ደርቤያለሁ ይበሉልኝ። እዚህ ሰማዩ እንደ ሐምሌ ጅማ ነው፤ ይዘንባል፣ ያባራል መሰለኝ ስል እንደገና ይዘንባል።

የአቶ ሸኩርን ነገር ሳነብ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስቄ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። ኢፍቱን ደግሞ ሳላያት ወደድኳት። እኔ ግን መራጩ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ የለኝም። ኦሮምኛና አማርኛ ስለማውቅ ከኢትዮጵያ የሚመጡትን ማመልከቻዎች ስልክ ደውዬ ማጣራት ነው ሥራዬ። የእርስዎ ዘመድ መሆኔን ለኮሚቴው አስቀድሜ ነግሬያለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት፣ አይቆጡኝ። ድርሰቱ የልጅቷ የራሷ ቃል ይሁን። እንግሊዝኛዋ ቢሰበር ግድ የለም፤ እንዲያውም ይወዱላታል። የቤታችንን አመል ስለማውቅ ነው። አባትዎ አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ተክለው ማመልከቻ ሲጽፉ «ረዳት የሌለኝ ምስኪን» ሳይሉ የወጣ ወረቀት አልነበረም። ስምንት ልጅ የወለደው ሰውዬ እንኳ እሳቸው ዘንድ ሲደርስ «ጧሪ ቀባሪ የሌለኝ» ይሆናል። እኛ እግራቸው ሥር ቁጭ ብለን ወረቀት እያጠፍን ነው ያደግነው። እዚህ ግን እንዲያ አይሠራም። ልጅቷን አይንኩብኝ።

መዝጊያው ታኅሣሥ 22 ነው።

እህትዎ ጸጋ

———

ጅማ
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለጸጋ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ለመጪው ገና ያድርስሽ። እኛ ደህና ነን።

የኢፍቱን ማመልከቻ ልከናል። መብራት እየሄደ እየመጣ አስጨንቆን ነበር፤ ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ሲቀረው ገባ። ድርሰቷ ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። እንግሊዝኛው እንዴት እንደሆነ አይተሽ ከሆነ አንድ ቃል ጣል አድርጊልኝ። ካላየሽም ግድ የለም።

ለዛሬ አጠር ላድርገው፣ የፈተና ወረቀት ተከምሮብኛል።

እንድርያስ

———

በርገን
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነዎት? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰላምታውን እንደ ወጉ ማስኬድ አልቻልኩም። 

ኢፍቱ የመጨረሻዎቹ አሥር ውስጥ ገባች። ትናንት ቅጹ ላይ ያለውን የቤተሰብ ስልክ ደወልኩ። ድርሰቷን አንብቤያለሁ፤ ስለ ሟቹ አባቷ፣ ከመሞታቸው በፊት መጠራጠርን እንዳስተማሯት ይላል። አልቅሼበታለሁ እኮ! ስለዚህ ስልኩን ያነሡት ጎርናና ድምፅ ያላቸው ሽማግሌ አጎቷ መስለውኝ፣ በኦሮምኛ ሰላም ብዬ፣ ከየት እንደደወልኩ ተናግሬ፣ «በአቶ ጀቤሳ ማረፍ በጣም አዝነናል፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አልኳቸው።

 መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ደገምኩት።

«የትኛው ጀቤሳ?» አሉ። «የኢፍቱ አባት» አልኩ። «ማን ነገረሽ?» አሉኝ። «ልጃቸው ጽፋ ነው» አልኩ፣ አፌን በቆረጠው። «ጀቤሳ እኔ ነኝ» አሉኝና ስልኩን ዘጉት። ስደውል ስደውል አያነሡም።

ሰውየውን በገዛ ሞታቸው አጽናናኋቸው፣ ወንድም ጋሼ! እኛ አገር፣ በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ተብሎ ሲነገር ምን ማለት እንደሆነ እኔ አጥቼው ነው? ልጅ አባቷን ሟች ብላ ስትጽፍ እርግማን ነው እኮ።

ለኮሚቴው ያልኩትንና የሰማሁትን እንዳለ ማስመዝገብ ነበረብኝ፤ አስመዘገብኩ። ማመልከቻዋን በሐሰተኛ መረጃ ሰርዘውታል። ተቃውሞ እስከ መጋቢት 20 ይቀበላሉ። እባክዎ ይንገሩኝ፤ ይሄን ማን ጻፈው? የጻፉልኝ ታሪክ አባቷ ማሽኑን ስለማረማቸው አልነበረም? ዛሬውኑ ይመልሱልኝ።

ጸጋ

———

ጅማ
የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ፣

ሰላምና ጤና ይስጥልኝ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር፤ ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ፤ ከዚያም ትምህርት ቤቱ ታመሰ።

አቶ ጀቤሳ ስልክሽ በመጣ በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ክፍል ገብተው ሳይሆን ግቢው መሀል ቆመው ነው የተናገሩት፤ «ልጄ ለፈረንጅ እንጀራ ብላ በቁሜ ቀበረችኝ። ሙት ከሆንኩ ቤትም ስንቅም የለኝም፤ ትሂድ» አሉ። ሦስት መቶ ተማሪ ሰማቸው። ኢፍቱ «አባ» ብላ ልትጠጋ ስትል ዱላቸውን ምድር ላይ አጋድመው በመካከላቸው አስቀመጡትና ዞረው ሄዱ።

አቶ ሸኩር ቢሮ ጠርተው ጠየቋት። እኔም ነበርኩ። ኤአይ ተጠቅመሻል ወይ ሲሏት ዝም። ማን ረዳሽ ሲሏት ዝም። በመጨረሻ ወረቀት ስጡኝ አለችና «ያደረግኩት እኔ ነኝ» ብላ በራሷ እጅ ጽፋ ፈረመች። ከክበቡ ታገደች። ስንቅ ስለቀረባት ያለምወርቅ ምሳ ትልክላታለች፤ ሰሃኑ ግን ሳይነካ ይመለሳል።

ጸጋዬ፣ እባክሽ። እነዚያ ሰዎች ዘንድ ግቢልኝ። ልጅ ናት፣ ማሽኑም አሳሳች ነው፣ ሳታውቀው ገብቶባት ይሆናል በያቸው። አንድ ስህተት ዕድሜ ልክ ይፈረድበታል እንዴ? የአጎትሽን ቤት እንጀራ በልተሻል፤ ያንን አስቢና ለምኚልኝ። ሌላ ማንም የለኝም።

እንድርያስ

———

በርገን
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሃያ ሰባት ቀን ጠበቅኩ። ጉንፋን ነው ያሉኝ።

የመጣውን ፋይል ከፍቼ አየሁት። የተጻፈበት ኮምፒውተር ስም እዚያው ላይ አለ፤ «እንድርያስ» ይላል። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት የላኩልዎት ላፕቶፕ ነው፤ ስሙንም የጫንኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ እርስዎ ራስዎ እንዲናገሩት ብዬ ነው።

ቢሮ ውስጥ ያቺ ልጅ «እኔ ነኝ» ብላ ስትፈርም እርስዎ የት ይመለከቱ ነበር? ይሄን ብቻ ልጠይቅዎት። ታላቅን ማጋለጥ ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት። ለእርስዎ ብላ አባቷን አጣች። እርስዎ ደግሞ «ሳታውቀው ገብቶባት ይሆናል» ብለው ይጽፉልኛል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ይሄን ተረት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ኮሚቴው የሚሰማው የጻፈው ሰው ራሱ ፈርሞ ሲያምን ነው። መጋቢት 20 አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ከእኔ በፊት ግን አጋሮ ይሂዱ። ለአባቷ ይንገሩ። እኔን መለመንዎን ይተዉና እሳቸውን ይለምኑ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነትዎን፣ ክበቡን፣ የሃያ ሰባት ዓመት የመምህርነት ስምዎን እንደሚያስቡ አውቃለሁ። እኔም አስቤልዎታለሁ። ሚዛን አልደፋልኝም።

ጸጋ

———

ጅማ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ጸጋ፣

ሰላምታ የማቀርብበት አፍ የለኝም። ቀኑ አልፏል። ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ሁሉንም ልንገርሽ፤ ከታች ፈርሜያለሁ፣ ለፈለግሽው አሳዪው።

ታኅሣሥ 22 ከሰዓት ኢፍቱ ድርሰቷን በእስክሪብቶ ጽፋ፣ ሁለት ገጽ፣ ይዛልኝ መጣች። እንግሊዝኛው ይንገዳገዳል። ታሪኩ ግን ሕያው ነው፤ አባቷ የቡናው አልጋ ዳር ቆመው ስልኩን እንደ ሰው ሲቆጡት ይታየኛል። አንብቤ ሳቅኩ፣ ከዚያ ፈራሁ። ይሄ ትልቅ መሥሪያ ቤት ፊት ይቀርባል? ቃሉ ሳይለብስ? «ሂጂ፣ እኔ እልከዋለሁ» አልኳት። ቤት ገብቼ ለኤአዩ ሰጠሁትና «አንጀት የሚበላ አድርገህ ጻፈው» አልኩት።

በአንድ ደቂቃ መለሰልኝ። አባቷን ገድሎ መለሰልኝ።

አላየሁትም ልልሽ ነበር፣ ሁለት ጊዜ እንደዚያ ብዬ ጽፌ አጥፍቻለሁ። አይቼዋለሁ፣ ጸጋ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ሟቹ አባቴ» ይላል። ዐይኔ ቆመበት። ሰሌዳ ላይ የጻፍኳቸው ሦስት ጥያቄዎች አንዳቸውም አልመጡልኝም፤ የመጡልኝ የአባቴ ወረቀቶች ናቸው። ማመልከቻ ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ማንም አይቀብረውም፣ እንዲያው የወግ ነው አልኩ። ወረቀቱ ባሕር ማዶ ነው የሚሄደው፣ አጋሮ ማን ያነበዋል አልኩ። ልኬው ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።

ቢሮ ውስጥ የት ትመለከት ነበር ብለሽኛል። መስኮቱን። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔ መስኮቱን አየሁ፣ ከዚያ ወረቀት ስጡኝ አለች።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ በየቀኑ ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ጫማዬን አሰርኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጸሎት መራሁ፤ እንዴት ምድር አልዋጠችኝም? መጋቢት 22 ጓደኞቿ መጥተው «ቲቸር፣ ኢፍቱ ከሄደች ሦስት ቀኗ ነው፤ ደላላው ነው የወሰዳት» ሲሉኝ ያን ጊዜ እግሬ ተነሣ።

አቶ ጀቤሳን ቡናቸው መሀል አገኘኋቸው። ሊቀበሉኝ አልተነሡም። ቆሜ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ደገምኩት። «ያ በርሲሳ» አሉኝ፣ አንተ መምህር ማለታቸው ነው፣ «የገደለኝ ማሽኑ ነው ወይስ አንተ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔን ያ ማሽን ተሳስቷል ወይ ብላችሁ ጠየቃችሁኝ፣ አርሜ ላክሁ» አሉ። «ልጄን ግን አልጠየቅኳትም። አንድ ቃል፣ ‹አንቺ ነሽ ወይ?› ብዬ አልጠየቅኳትም።» ከዚያ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው እንደ ልጅ አለቀሱ። ሚስታቸው ወርቂቱ ከቤት ወጥታ ቆማ አየችን።

ማክሰኞ ከአባቷ ጋር አዲስ አበባ ሄደን ደላላው ልጆቹን የሚያሳድርበትን ቤት አገኘን። ስምንት ልጆች ነበሩበት። እሷ የለችም።

በእጄ የፈረምኩትን የእምነት ቃል ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። የሚረዳ ነገር ካለው አድርሺልኝ።

ኃጢአተኛው ወንድምሽ
እንድርያስ

———

በርገን
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

ጌታ ብርታት ይስጥዎ። ትናንት የኮሚቴው የቪዲዮ ስብሰባ አልቆ ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ደውዬ ላናግርዎት ስልኩን ስንት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት። በጽሑፍ ይሻለኛል።

ኮሚቴው መጀመሪያ ቀኑ አልፏል ብሎ መልሶኝ ነበር። አልተውኳቸውም። ሥራዬን እስክለቅ እጨቀጭቃችኋለሁ ስላቸው ግማሽ ሰዓት ፈቀዱ፤ «አመልካቿ ራሷ በቪዲዮ ትቅረብ» ብለው። ኢፍቱ ሪያድ መድረሷን፣ ስልኳንም መቀማቷን ከጻፉልኝ ወዲህ እንደማትቀርብ አውቅ ነበር፤ ግን አልነገርኳቸውም። አባቷን እንዲያመጡ የነገርኩዎት ለዚህ ነው።

እናንተ በዚያ በኩል ያላያችሁትን ልንገርዎት። አቶ ጀቤሳ ኮታቸውን ለብሰው ለኢፍቱ የተዘጋጀው ወንበር ላይ ሲቀመጡ እዚህ ሁሉም ወረቀታቸውን ትተው ስክሪኑን አዩ። ሰብሳቢዋ «እኚህ ማን ናቸው?» አለች። እሳቸው ጥያቄው ሳይተረጎምላቸው «ጀቤሳ ነኝ። ሉቡን ጂራ» አሉ። በሕይወት አለሁ ይላሉ ብዬ ተረጎምኩ። 

ከዚያ አንዱ አባል፣ ክፉ ሰው እንዳይመስልዎት፣ ደንቡ ነው፣ ስክሪን ላይ ያለ ፊት ዛሬ በማሽን ይሠራል፣ እውነተኛ ሰው መሆናቸውን ማረጋገጥ አለብን አለ። ግራና ቀኝ እንዲዞሩ፣ እጃቸውን ፊታቸው ላይ እንዲያሳልፉ ንገሪያቸው አለኝ። ነገርኳቸው። ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን ስልክ ላይ ሙት ብዬ ያጽናናኋቸውን ሰው እንደገና ሕያው መሆንዎን ያሳዩ አልኳቸው! «ምነው፣ ዝንብ አለብኝ?» ብለው ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ያንን ቡና የጠቆረበት እጃቸውን ቀስ አድርገው ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው አሳለፉት። የመቶ ሰው ማመልከቻ በቀን የሚጥሉ ሰዎች አንገታቸውን ደፉ።

እሳቸው ያሉትን እርስዎም ሰምተዋል፤ «ልጄ አልዋሸችም። ዕድሉን ለሌላ ስጡት፤ ዋሸች የሚለውን ወረቀት ግን ቅደዱልኝ።»

ቀደዱት። ስሟ ነጽቷል፤ ደብዳቤው ከዚህ ጋር አለ፣ በኦሮምኛም አስተርጉሜዋለሁ። ቦታው ግን በመጋቢት መጨረሻ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። በሚመጣው ዓመት እንደገና ማመልከት ትችላለች ብለዋል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ካለች።

እኔም ያለቀሰ ልብ ይዤ ነው የምሰናበትዎት። ቢሆንም በእርስዎ አልጨከንኩም። ከልጅቷ ወሬ እንዳገኙ ይጻፉልኝ።

እህትዎ ጸጋ

———

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ ለጸጋ፣

ላንቺና ለደጅሽ ሰላም ይሁን። አልጨከንኩም ማለትሽን ለያለምወርቅ አነበብኩላት፤ ባረከችሽ።

ክበቡ ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ታዲያ እርስዎን ማን ያርምዎት?» አለኝ።  አሁን ክበቡን ሌላ መምህር ነው የያዘው፤ ልጆቹ የመምህርን ወረቀት ሳይቀር እየጠየቁ ነው አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነትም ራሴን አውርጃለሁ። ይሄን የምነግርሽ ሌላ ስለ እኔ የምትጠይቂው እንዳይኖር ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ለሌላ ጉዳይ ነው።

ኢፍቱ አርብ አርብ አሥር ደቂቃ ስልክ እንደሚፈቀድላት ደላላው ለአባቷ ስለነገራቸው፣ አርብ አርብ አጋሮ እሄዳለሁ። ግንቦት 29 ደወለች። አባቷ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በደልኩሽ» ብለው ከዚያ በላይ መናገር አልቻሉም። እሷም አለቀሰች። ስሟ መንጻቱን ነገርኳት። «እሺ» አለች። ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ቲቸር፣ ማዳሟ የምታናግረኝ በስልኳ ነው። እሷ በዐረብኛ ትናገራለች፣ ስልኩ በአማርኛ ይነግረኛል። የሚለው አማርኛ ይመስላል፣ ግን አይገናኝም። እኔ የምመልሰውንም በትክክል እንደማይነግራት ፊቷ ላይ አያለሁ። ጎኔን አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ አልኳት። ምን ብሎ እንደነገራት እንጃ፣ ተቆጥታ ጓዳ ቆለፈችብኝ። ተሳስቷል እንዳልላት፣ ተሳስቷል ማለቴንም የሚነግራት እሱው ነው። እርስዎ ሰው ጠይቁ ይሉን ነበር። እዚህ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉልኝ፣ አንድ ሰው፣ ማዳሟን በአፉ የሚያናግርልኝ።»

አሥሩ ደቂቃ አለቀ።

በማግስቱ ጊንጆ ረይሃናን ለመንኳት። ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፤ አሁን ልብስ ትነግዳለች። «ማዳሞቹን እኔ ነኝ የማውቃቸው፣ ኢንሻአላህ አንድ ጊዜ ላግኛት እንጂ» ብላ ሱቋን ዘግታ አጋሮ ድረስ መጣችልኝ። ሰኔ 6 ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጥን። ስልኩ አልጮኸም። ትናንትም ተቀመጥን። አልጮኸም። የደወለችበት ቁጥር አይቀበልም። የደላላው ስልክ ጠፍቷል፤ ቤቱም ሄደን ነበር፣ ተዘግቷል። ቀበሌ ስንሄድ ዞን ሂዱ፣ ዞን ስንሄድ አዲስ አበባ ሂዱ ይሉናል። አቶ ጀቤሳ ስልኩን ከእጃቸው አያወርዱም፤ ሲበሉም፣ ከበሉ ማለቴ ነው፣ በግራ እጃቸው ይዘውት ነው።

ጎኗን ያማታል ብላለች፣ ጸጋ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት አለፈ።

እዚያ አንቺ ያለሽበት አገር ስደተኛ ብዙ ነው ትዪኝ ነበር። ሪያድ ዘመድ ያለው፣ ዐረብኛ የሚናገር፣ ሄዶ በር የሚያንኳኳ ሰው ፈልጊልኝ። ወንድ ይሁን ሴት፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ማንም ይሁን፤ ሰው ብቻ ይሁን። አድራሻዋን የጠየቅናት ስልኩ ሊዘጋ ሲል ነው። የነገረችን ይሄን ነው፤ ሪያድ፣ ትልቅ መስጊድ አጠገብ፣ ቡናማ የብረት በር፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሌላ የምናውቀው የለም።

እንድርያስ